ጎንደር ላይ የጽኑ ሕሙማንን ገላ በምን እንጠብ? የሳፋ ውኃ፣ የከረጢት ጨርቅ ወይስ ክሎርሄክሲዲን

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ገላውን የሚያጥብለት ሌላ ሰው ነው። የሚያጥበው ሰው የያዘው ጨርቅ፣ የቀዳው ውኃና ያቀረበው ሳፋ ንጹሕ ከሆኑ ቆዳ ላይ የተከማቸውን ጀርም ይቀንሳሉ። ንጹሕ ካልሆኑ ከጎረቤት አልጋ የመጣውን ክሌብሲየላ ወይም አሲኔቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ አንገት ላይ እስከተተከለው ቱቦ ድረስ ይወስዱታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ተኝተው ሳሉ ይይዛቸዋል። በበለጸጉት አገሮች ቁጥሩ 7 ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ የሽንት ካቴተርና የመተንፈሻ ቱቦ ለጀርም አንድ ተጨማሪ በር ነውና።

ለገላ እጥበት በእጃችን ያሉት አማራጮች አራት ናቸው፦ ሳፋ ከሳሙናና ውኃ ጋር፣ በከረጢት የተዘጋጀ እርጥብ ጨርቅ፣ ከውጭ የሚመጣው 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን (ቆዳ ላይ የሚቀባ ጀርም ገዳይ) የተነከረ ጨርቅ፣ እና ፋርማሲ የሚያዘጋጀው 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን። አቋማችንን አስቀድመን እንናገር፦ የጋራ ሳፋ ያልወጣበት ክፍል ክሎርሄክሲዲን ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል። መጀመሪያ ሳፋው ይውጣ፤ ክሎርሄክሲዲኑ ከዚያ በኋላ ማዕከላዊ የደም ሥር ቱቦ (በአንገት፣ በደረት ወይም በጭን በኩል ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ላለባቸው ይቅደም።

ሳፋ፣ ሳሙናና ውኃ

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ርካሽ ነው፣ ላብና ደም የደረቀበትን ቆዳ በደንብ ያነሳል። ችግሩ ያለው ሳፋው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ3 ሆስፒታሎች ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 92 ሳፋዎች ተመርምረው 98 በመቶዎቹ ባክቴሪያ አብቅለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሳፋው ታጥቦ ሳይደርቅ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፣ በመካከሉ የቀረው እርጥበት ፕሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ ያረባል፤ በዚያ ላይ ያው ሳፋ ለትውከት፣ ለጓንት ማስቀመጫ፣ ለቆሻሻ ጨርቅ ይውላል። የተቧጨረ ፕላስቲክ ደግሞ ቢፈተግም አይጸዳም።

ጎንደር ላይ ሁለተኛ ችግር አለ፤ ውኃ በፈረቃ ነው። ቧንቧው ሲቋረጥ ከሮቶ ይቀዳል፣ ሮቶው ሲያልቅ በጀሪካን ይመጣል። ሮቶው መቼ እንደታጠበና ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ገላ ማጠቢያ ውኃ ሁሉ መፍላት አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለባክቴሪያው ይበቃል፣ ግን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁት። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የፈላው ውኃ ያቃጥላልና ከጀሪካኑ ቀዝቃዛ ይጨመርበታል፤ በዚያች ቅጽበት ማፍላቱ ዋጋ አጣ። መፍትሔው ማታ አፍልቶ ክዳን ባለው ዕቃ ማሳደር፣ ጠዋት አዲስ ማፍላት፣ ከዚያ ሙቁን ቀድሞ ፈልቶ ከቀዘቀዘው ጋር ማመጣጠን ነው። 40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፤ የክንዳችሁን ውስጠኛ ጎን ሳያቃጥል የሚሞቅ ማለት ነው።

እጣቢው የት ይደፋል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። እጅ መታጠቢያው ውስጥ ከተደፋ ጀርሙ ቱቦው ውስጥ ይሰፍራል፣ ቀጥሎ እጁን የሚታጠበው ነርስ ላይ ተመልሶ ይረጫል። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የእጅ መታጠቢያዎቹን አውጥቶ ሥራውን ሁሉ ያለ ቧንቧ ውኃ ሲያደርግ፣ በሕሙማኑ ላይ የሚገኘው ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ (እንደ ክሌብሲየላና ፕሱዶሞናስ ያለው ወገን) መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትሟል። እናንተ መታጠቢያውን ማውጣት አይጠበቅባችሁም፤ እጣቢውን ወደ ቆሻሻ ውኃ መድፊያው ውሰዱት።

ሳፋን ለመተው ገና ካልቻላችሁ ለእያንዳንዱ ታካሚ የአልጋ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ሳፋ ይኑር። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ በሳሙና ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ለብቻው ይድረቅ፤ ታካሚው ሲወጣ ሳፋውም ይወገድ።

የከረጢት ጨርቅ

ይህ አማራጭ ከሚገባው በታች ነው የሚታየው። ሳፋ የለውም፣ ማለቅለቂያ ውኃ የለውም፣ እጣቢም የለውም። 8 ንጹሕ ስስ ጨርቆች በአዲስ የምግብ ፌስታል ውስጥ ይገባሉ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ለብ ያለ ውኃ ይፈስባቸዋል፣ ጨርቁ ረጥቦ እስኪበቃው ድረስ ከውጭ ይታሻሉ። ሲጨመቅ ጥቂት ጠብ የሚል፣ ሲነሳ ግን የማይንጠባጠብ ሲሆን በቅቶታል። ሳይታለቀለቅ የሚተው ለስላሳ የገላ ማጽጃ ካለ በመመሪያው ልክ ይጨመራል፤ ከሌለ ውኃው ብቻውን ለዕለታዊ እጥበት ያገለግላል። ሳሙና ግን አትጨምሩ፣ ሳይታለቀለቅ ቆዳ ላይ የቀረ ሳሙና ያደርቃል፣ ያሳክካል፣ የመኝታ ቁስልም ይጋብዛል።

አንዱ ጨርቅ ለአንድ የሰውነት ክፍል ብቻ ነው፤ ተመልሶ ፌስታሉ ውስጥ አይገባም። ከረጢቱ በተዘጋጀበት ሰዓት ይለቅ። ለነገ ብሎ ማሳደር ማለት እርጥብ ጨርቅ ላይ ባክቴሪያ ማርባት ነው። ወጪው በአብዛኛው የልብስ ማጠቢያ ወጪ ነው፤ ለአንድ ታካሚ በቀን 8 ጨርቅ ማለት ለ6 አልጋ በቀን 48 ጨርቅ ነው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የታጠበውን በሁለት ቀን የሚመልስ ከሆነ ቢያንስ 150 ያህል ጨርቅ ያስፈልጋችኋል። ይህን ቁጥር ሳያሰሉ የጀመሩ ክፍሎች በሳምንቱ ጨርቅ አልቆባቸው ወደ ሳፋው ይመለሳሉ።

ክሎርሄክሲዲን ምን ያህል ይጠቅማል?

ማስረጃው ሁለት ወገን አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በ6 ሆስፒታሎች 7,727 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት በየቀኑ 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በተነከረ ጨርቅ ማጠብ ሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ የደም ኢንፌክሽንን ከ1,000 የታካሚ ቀን (አንድ ታካሚ አንድ ቀን ሲተኛ አንድ ይቆጠራል) 6.60 ወደ 4.78፣ ማለትም በ28 በመቶ፣ እንዳወረደ አሳይቷል፤ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችንም 23 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ዓመት በ43 ሆስፒታሎች የተደረገ ሌላ ጥናት ክሎርሄክሲዲንን ከአፍንጫ ሙፒሮሲን ቅባት ጋር ለሁሉም የጽኑ ክፍል ሕሙማን ሲሰጥ የደም ኢንፌክሽን በ44 በመቶ ቀንሷል። በ2015 ግን ናሽቪል በሚገኝ አንድ ማዕከል 9,340 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት የደም፣ የሽንት፣ የሳንባና የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ኢንፌክሽኖችን አንድ ላይ ቆጥሮ ልዩነት አላገኘም፦ ከ1,000 የታካሚ ቀን በክሎርሄክሲዲን 2.86፣ ያለ እሱ 2.90።

እነዚህ ይጋጫሉ ብሎ መተው ስህተት ነው። ክሎርሄክሲዲን ጎልቶ የሚሠራው ቆዳ ላይ በሚኖሩ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ላይ፣ በቱቦው መግቢያ በኩል ወደ ደም በሚገቡት ላይ ነው። የሽንት ካቴተርና የቬንቲሌተር ኢንፌክሽን በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ገላ ማጠብ ብዙም አይነካውም። በእኛ አገር ጽኑ ክፍሎች የሚያስቸግሩት ደግሞ በብዛት ግራም ኔጋቲቮች ናቸው። ስለዚህ የውጭውን 28 ወይም 44 በመቶ እንዳለ ወደ ጎንደር አምጥቶ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ሆኖም የአሜሪካ የሆስፒታል ኢንፌክሽን ባለሙያ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ምክር፣ ከ2 ወር ዕድሜ በላይ ለሆኑ የጽኑ ክፍል ሕሙማን ዕለታዊ የክሎርሄክሲዲን እጥበት የማዕከላዊ ቱቦ የደም ኢንፌክሽንን ለመከላከል ከመሠረታዊ ተግባራት አንዱ እንደሆነ አስቀምጧል።

የተዘጋጀ ጨርቅ ወይስ ፋርማሲ የበጠበጠው?

ፋብሪካ የነከረው 2 በመቶ ጨርቅ ከሁሉ ይበልጣል፤ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ውኃ አይፈልግም፣ ቆዳ ላይ የሚቀረውም መድኃኒት ብዙ ነው። ድክመቱ ዋጋውና አቅርቦቱ ነው። ሁለት ወር ተገኝቶ ሦስተኛው ወር የሚጠፋ ዕቃ ላይ የክፍሉን ሥርዓት አትመሥርቱ።

በፋርማሲ የሚዘጋጀው ርካሽ ነው፣ ግን በሦስት ቦታ ይሳሳታል።

አንደኛው ስሌቱ ነው። 4 በመቶውን ወደ 2 በመቶ ለማውረድ እኩል በእኩል ነው፤ 250 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ከ250 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር። 20 በመቶው ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ላይ 900 ሚሊ ሊትር ውኃ። 20 በመቶው ሳይበጠበጥ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ከፋርማሲ ውጭ አይውጣ። ነርሶች በተለምዶ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር 4 በመቶ ወስደው 4 ሊትር ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይጨምሩታል። ይህ 0.1 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከሚፈለገው 20 ጊዜ የቀጠነ። ሽታውና አረፋው ስላለ ግን የሠራ ይመስላል።

ሁለተኛው ምርት መቀያየር ነው። ሳቭሎን ውስጥ ክሎርሄክሲዲን አለ፣ ነገር ግን ወፍራሙ እንኳ 1.5 በመቶ ብቻ ነው፣ 15 በመቶው ሴትሪማይድ የተባለ ሌላ ጀርም ገዳይ ነው። ወደ 2 በመቶ ሊደርስ አይችልም፤ ሳይበጠበጥ ከተቀባ ሴትሪማይዱ ቆዳ ያቆስላል፣ 1 ለ30 ከተበጠበጠ ደግሞ ክሎርሄክሲዲኑ 0.05 በመቶ ይሆናል። ለአራስ እምብርት የሚሰጠው 7.1 በመቶ ጄልም ለገላ አይውልም፣ ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ዴቶልና በረኪና ለታካሚ ገላ ጭራሽ አይታሰቡም።

ሦስተኛው ማስቀመጥ ነው። ጀርም ገዳይ ራሱ ይበከላል። የተበጠበጠ ክሎርሄክሲዲን ውስጥ ፕሱዶሞናስ፣ ሴራሺያና ቡርኮልደሪያ የተባሉ ባክቴሪያዎች አድገው ወረርሽኝ ያስነሡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በተጣራ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጥበጥ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ግን አታፍሉት፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ጠርሙሱ ላይ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ያዘጋጀው ሰው ይጻፍ። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። በግማሹ ላይ አዲስ መጨመር ክልክል ይሁን። ከደፈረሰ ወይም ነጭ ዝቃጭ ካሳየ ውኃው ውስጥ ያለው ጨው መድኃኒቱን አስሮታል፤ ያንንም ድፉት።

ለማን የትኛው?

በጀቱ ለሁሉም ከበቃ ከ2 ወር በላይ ለሆኑት ሁሉ በየቀኑ ክሎርሄክሲዲን። ካልበቃ አንገት፣ ደረት ወይም ጭን ላይ ማዕከላዊ ቱቦ ያለው፣ የዲያሊሲስ ካቴተር ያለው ይቅደም፤ ለሌላው የከረጢት ጨርቅ። ከመተማ ወይም ከአርማጭሆ ሪፈር ተጽፎለት ረጅም መንገድ ተጉዞ የገባ ታካሚ በገባበት ቀን ይታጠብ። በላብና በአቧራ የተሸፈነ ቆዳ ላይ ያለውን ካኑላ መቼ እንደተተከለ የሚናገር ወረቀት ከሌለ፣ ገላው ታጥቦ በሌላ ቦታ አዲስ ይተከል። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን፣ በተለይ ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ ክሎርሄክሲዲን የኬሚካል ቃጠሎ ሊያስከትል ስለሚችል ሙቅ ንጹሕ ውኃ ብቻ። የቆዳ ቃጠሎ ወይም ሰፊ የተላጠ ቆዳ ያለበትን ሐኪሙ ይወስን። ቀድሞ ለክሎርሄክሲዲን አለርጂ ያሳየ ሰው ጨርሶ አይነካው፤ እምብዛም ባይሆንም የደም ግፊት እስከመጣልና ትንፋሽ እስከማሳጠር የሚደርስ አለርጂ ይከሰታል።

አጠባቡ

ለክሎርሄክሲዲን እጥበት 6 ጨርቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ለአንገት፣ ለትከሻና ለደረት፤ ሁለተኛው ለሁለቱ እጆችና ብብቶች፤ ሦስተኛው ለሆድ፣ ከዚያ ለብሽሽት፤ አራተኛው ለቀኝ እግር፤ አምስተኛው ለግራ እግር፣ በጣቶች መካከል ጭምር፤ ስድስተኛው ለጀርባ፣ በመጨረሻ ለመቀመጫ። ፊት ከዚህ ውጭ ነው፤ በሌላ ጨርቅና በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠባል፣ ዓይን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ። ክሎርሄክሲዲን ዓይንና ጆሮ ውስጥ መግባት የለበትም። አፍም በዚህ አይጸዳም፤ ለአፍ የጥርስ ብሩሽ አለ።

የሚዘለሉት ቦታዎች ሁልጊዜ አንድ ናቸው፦ ከአንገት ቱቦው አጠገብ ያለው ቆዳ፣ ብብት፣ የእምብርት ጎድጓዳ፣ ብሽሽት። ነርሱ ፋሻውን ላለማርጠብ ሲጠነቀቅ ከፋሻው ዙሪያ አራት ጣት ያህል ሳይነካ ይቀራል፣ ዋናው መጠበቅ ያለበት ቆዳ ግን ያው ነው። ፋሻው ጠርዙ ድረስ ያልተላቀቀ ከሆነ እስከ ጠርዙ ይታጠብ፤ ከሰውነት የሚወጣው ቱቦም ቢያንስ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይጠረግ። ፋሻው ከተላቀቀ ከእጥበቱ በኋላ ይለወጥ።

ከተቀባ በኋላ አይታለቀለቅም፣ በፎጣም አይደርቅም፤ በራሱ ሁለት ደቂቃ ያህል ይድረቅ። የሚያጣብቅ ስሜት ቢኖር ያልፋል። ሰገራ ካለ መጀመሪያ በውኃና በሌላ ጨርቅ ተጠርጎ ይለቅ፣ ክሎርሄክሲዲኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሳሙና ከተጠቀማችሁ በደንብ ይታጠብ፣ የሳሙና ቅሪት ክሎርሄክሲዲንን ያከሽፋል። ብዙ የቆዳ ሎሽኖችም እንዲሁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚስማማ መሆኑን ፋርማሲው ያረጋግጥ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሠራተኛ ስለሚመች ብቻ ታካሚን አታጥቡ። ከኅዳር እስከ ጥር የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ እርጥብ ገላ ደግሞ ሙቀት በፍጥነት ያጣል። ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ፣ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ተገልጦ ሌላው ተሸፍኖ፣ ሁለት ሰው ሆኖ ይሠራ፤ ሲያገላብጡ አንዱ የመተንፈሻ ቱቦውን ብቻ ይያዝ። በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጠው ምግብ አልጋው ዝቅ ከማለቱ በፊት ይቁም። የደም ግፊቱ ገና ያልተረጋጋ ታካሚ ይቆይለት።

አስታማሚና ጠበል

አስታማሚዎች ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ጠበል ይዘው ይመጣሉ፤ በደፈናው መከልከል በድብቅ እንዲደረግ ከማድረግ በቀር አይጠቅምም። ሳሙናና ቫዝሊኑ ለምን እንደማይሆን በእርጋታ ይነገራቸው። ስለ ጠበሉ፦ «እናቴ፣ ግንባራቸው ላይ ጠብ እናድርግላቸው፤ ቱቦው ያለበት ጋ ግን አይድረስ፣ በአፍም አይሰጥ» ማለት ይበቃል። ያልፈላ ውኃ የቱቦ ፋሻ ላይ ወይም ቁስል ላይ ሲፈስ የሚያመጣውን አደጋ ብዙዎች ከተነገራቸው ይረዳሉ። አስታማሚው ገላ በማጠቡ የሚረዳ ከሆነ እጁን ይታጠብ፣ ጓንት ያድርግ፣ የሚያጥበውም የራሱን ታካሚ ብቻ ይሁን።

በረኪናና ቡናማ እድፍ

ክሎርሄክሲዲን የነካው አንሶላ በበረኪና ሲታጠብ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ክሎሪኑ ከመድኃኒቱ ጋር ተዋህዶ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛው ቆሻሻ ይመስለውና በረኪና ይጨምራል፣ እድፉ ይብሳል፣ በወሩ መጨረሻ ክሎርሄክሲዲኑ «ልብስ ያበላሻል» ተብሎ ይቀራል። ከመጀመሩ በፊት ከማጠቢያ ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ፦ የጽኑ ክፍሉ አንሶላና ጋውን ተለይቶ ይምጣ፣ በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ይለቅለቅ፣ ከዚያ በሳሙና ዱቄት ያለ በረኪና ይታጠብ። መድኃኒቱን ለመቀባት ግን የሚጣል የቁስል ጋዝ ወይም ስስ ጨርቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ወፍራም የጥጥ ፎጣ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀራል።

ሥራው መሠራቱን ማወቂያ

ጥቂት አልጋ ባለው ክፍል የደም ኢንፌክሽን መቀነስ አለመቀነሱ በሦስት ወር አይታይም፣ ቁጥሩ ትንሽ ነውና። የፈሳሹ ፍጆታ ግን ወዲያው ይናገራል። ለአንድ አዋቂ 300 ሚሊ ሊትር ካስፈለገ (በራሳችሁ ጨርቅ ለኩት) 6 አልጋ በ30 ቀን 54 ሊትር የ2 በመቶ ፈሳሽ ይጨርሳል፤ ይህም 27 ሊትር የ4 በመቶው፣ ወይም 5.4 ሊትር የ20 በመቶው ነው። አልጋዎቹ ሁሉ ተይዘው ከርመው ከፋርማሲ የወጣው 30 ሊትር ብቻ ከሆነ፣ ወይ ያልታጠቡ ሕሙማን አሉ፣ ወይ ፈሳሹ ላይ ውኃ እየተጨመረ ነው። ክፍል ኃላፊዋ የመዝገቡን ፊርማ ብቻ ከምታይ በረፋዱ 4 ሰዓት አልጋው አጠገብ ቆማ ስድስቱን ጨርቅ ብትቆጥር የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለች።